ከሰፈሬ ጀርባ ያለው በረሃ የማን ነው?

ሰላም ወገኖች። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ አንድ ጥያቄ ጥዬ ወደ ሥራዬ ሄጄ ነበር። እስካሁን 38 መልስ መጥቷል። ግማሹ አስተማረኝ፣ ሩቡ ሰደበኝ፣ የቀረው ስለ ቡና ነው። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ሰለቸን ስላሉ፣ የመልሶቹን ክር በራሴ አፍ ላውራላችሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም። ዓመቶቹና ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ላይ ነው። ከአፓርታማዬ ወጥቼ ሁለቴ ስታጠፍ አስፋልቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው። ዝናብ ሲነካው የሚሸት ቁጥቋጦ፣ የተጣለ ፍራሽ፣ መሀል ላይ ደግሞ ፀሐይ ያነጣው ቡናማ ምሰሶ። ምሰሶው የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው ይላል። ኪራዬ በየዓመቱ ይጨምራል። ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል ነው። ታዲያ ዋሽንግተን ይህን ሁሉ ጠጠር ታቅፋ ከምትቀመጥ ለስቴቱ ብትሰጠው፣ ስቴቱም ለቤት ሠሪ ቢሰጠው፣ እኛም አንድ ጣሪያ ቢኖረን ምን አለበት? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኼ አይደል? አልኩ።

1ኛው መልስ ሰጪ እንደኔ ታክሲ ነጂ ነው። ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ኮኔቲከትና አዮዋ ውስጥ የፌዴራል መሬት 1 በመቶ እንኳን እንደማይሞላ ጠቅሶ፣ ምዕራቡ ብቻ ለምን የእንጀራ ልጅ ይሆናል ብሎ ተቆጣ። ሃያ ሰው ላይክ አደረገለት። እኔም አድርጌአለሁ፣ አልክድም።

2ኛው በጨዋነት አረመኝ። እርስዎ እያለ ነው የጻፈው። መንግሥት ላስ ቬጋስ ዙሪያ መሬት አልሸጥም አላለም አለ። በ1998 ለደቡብ ኔቫዳ ብቻ የወጣ ሕግ አለ። በሸለቆው ዙሪያ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ውስጥ ያለውን መሬት ከተማው ወይም ካውንቲው እንዲሸጥ ይጠይቃል፤ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ ሁላችንም ቢኤልኤም የምንለው፣ በጨረታ ይሸጣል። ከሽያጩ 5 በመቶው ለስቴቱ ትምህርት፣ 10 በመቶው በዋናነት ለውሃ ባለሥልጣኑ፣ 85 በመቶው ደግሞ እዚሁ ኔቫዳ ውስጥ ለመናፈሻና ለተፈጥሮ ጥበቃ ይውላል። ስለዚህ እጥረቱን ከባለቤቱ ስም ጋር ብቻ አያያይዙት አለኝ። ውሃ የሚባል ነገርም አለ። ኔቫዳ ከኮሎራዶ ወንዝ በዓመት የተመደበላት 300 ሺህ ኤከር ፊት ነው፤ አንዱ ኤከር ፊት አንድ ኤከር መሬት፣ ማለትም 0.4 ሄክታር ያህል፣ በአንድ ጫማ ከፍታ የሚሸፍን ውሃ ነው። ካሊፎርኒያ 4.4 ሚሊዮን ትወስዳለች።

3ኛዋ 2ኛው ላይ ወረደችበት። ጨረታ ማለት ብዙ ብር ያለው የሚወስደው ማለት ነው፤ ታክሲ ነጂ ጨረታ ገብቶ ያውቃል ወይ አለች። እውነቷን ነው። ግን ራሷው ደግሞ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። በ1998ቱ ሕግ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች የሚሆን መሬት በቅናሽ የሚሰጥበት በር አለ። በ2023 ቢኤልኤም ዋጋውን ኤከሩን በ100 ዶላር አደረገው። ቀጥሎም ላስ ቬጋስ ላለችበት ለክላርክ ካውንቲ 20 ኤከር በ2,000 ዶላር ሸጠ። ሁለት ሺህ! እኔ ለጥርሴ ከዚያ በላይ ከፍያለሁ።

4ኛዋን ሳነብ መኪናዬን ዳር ይዤ አቆምኩ። ኮሎራዶ ያለች መምህር ናት። አንቀጹ ረጅም ነው፣ አንድም ስድብ የለበትም። መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ አስረዳች። ምዕራቡ መሬት ከስቴቶች ተነጥቆ የፌዴራል የሆነ አይደለም፤ ስቴቶቹ ሳይፈጠሩ በፊት የፌዴራል ነበር። በ1803 ከፈረንሳይ ተገዛ፣ በ1848 ከሜክሲኮ በጦርነት ተወሰደ። ስቴቶቹ ወደ ኅብረቱ ሲገቡ ባለቤት ያልወጣለትን መሬት ላንጠይቅ ብለው ተፈራርመዋል። ኔቫዳ በ1864፣ ዩታ በ1896።

በምትኩ ለትምህርት ቤት የሚሆን መሬት ተሰጣቸው። አሰጣጡ እንዲህ ነው። መሬቱ 36 ካሬ ማይል እየሆነ በአራት ማዕዘን ተለካ። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ደግሞ 36 ቦታ ተሸነሸነ። ከዚያ ውስጥ 16ኛውና 36ኛው ቁራሽ የስቴቱ ትምህርት ቤቶች ነው። ኔቫዳ በዚህ ስሌት 3.9 ሚሊዮን ኤከር ያህል ደረሳት። ቁራሾቹ ግን በየበረሃው ተበታትነው ገዢ አጡ። ስለዚህ በ1880 ከዋሽንግተን ጋር ተዋዋለች። ያልተሸጠውን መልሳ፣ በራሷ ምርጫ ውሃ ያለውን 2 ሚሊዮን ኤከር ወሰደች። ከዚያ ሸጠችው። ለከብት አርቢ፣ ለማዕድን፣ ለባቡር፣ ለመጣው ሁሉ። ዛሬ በእጇ የቀረው 3 ሺህ ኤከር ያህል ነው።

ከሁለት ሚሊዮን ሦስት ሺህ። መምህሯ ከዚህ በኋላ ምንም አልጨመረችም።

5ኛው ግን ጨመረላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ጽፎ፣ አጠገቡ የሳቅ ምልክት ደርድሮ ሄደ። ለኔ ይሁን ለኔቫዳ እስካሁን አልገባኝም።

6ኛው የሶልት ሌክ ሲቲ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ክሩ የሞቀው እሱ ከገባ በኋላ ነው። ኔቫዳ ባባከነች ዩታ ለምን ትቀጣለች አለ። ዩታ 63 በመቶዋ የፌዴራል ነው። እሱ ጭነት የሚያደርስባቸው ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ ዙሪያቸውን በፌዴራል መሬት ታጥረው ወደ ጎን መስፋት አይችሉም። ካውንቲው ከዚያ መሬት ግብር አይሰበስብም። አያቶቻቸው በጋሪ የሄዱበት መንገድ በአንድ ጠዋት ተዘግቶ ያገኙታል። ወሳኙ ሰው ደግሞ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣ ነው። ለዚህ ነው ዩታ በ2012 መሬቱን አስረክቡን የሚል ሕግ ያወጣችው፣ በ2024ም 18.5 ሚሊዮን ኤከር ይገባኛል ብላ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደችው። ፍርድ ቤቱ በጥር 2025 ጉዳዩን አላይም አለ። ሾፌራችን ይህን የጻፈው እንደ ሐዘንተኛ ነው። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም፤ የመንገዱ ነገር ልቤን ነካው።

7ኛው የሕግ ሰው ይመስላል፣ አነጋገሩ ደረቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አራተኛ አንቀጽ የፌዴራል ንብረትን ለኮንግረስ ሰጥቷል፤ ፍርድ ቤቱም በዚህ ላይ ደጋግሞ ተናግሯል አለ። የግብሩንም ነገር አፍርሶበታል። ከ1976 ጀምሮ ዋሽንግተን ለካውንቲዎቹ በግብር ምትክ ትከፍላለች፤ ከፌዴራል መሬት የሚወጣ ዘይትና ማዕድን ከሚያስገባው ኪራይም ግማሽ ያህሉ ለስቴቱ ይመለሳል። ቀጥሎ እሳቱን አነሳ። በ2021 የፌዴራል መንግሥት ሰደድ እሳት ለማጥፋት ብቻ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። መሬቱን የወሰደ ይህን ዱብ ዕዳም አብሮ ይወስዳል። አንድ መጥፎ በጋ የስቴቱን ካዝና ካራገፈው፣ ስቴቱ የሚሸጠው ምኑን ይሆን? መሬቱን ነዋ አለ። 6ኛው ለዚህ አልመለሰም፣ ለጊዜው።

8ኛዋ ወሬውን ከፍርድ ቤት አውጥታ ሣር ላይ አስቀመጠችው። ዴንቨር አካባቢ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ከሁለት ልጆቿ ጋር ቡና ልታፈላ ጀበናና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዛ ወጣች። አንድ ሜዳ አየች፣ ለምለም፣ ሰው የለበት። ረከቦቱን ዘርግታ ስኒ ስትደረድር አንድ ፒክአፕ መጣ። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ ኮፍያውን አነሳላት። መሬቱ የስቴቱ ነው፣ የተከራየሁት እኔ ነኝ፣ ውጪ አላት። እሷ የስቴቱ ከሆነማ የሁላችን ነው ብላ ተከራከረች። አይደለም። የስቴት የትምህርት ቤት መሬት መናፈሻ አይደለም። ሕጉ ለትምህርት ቤት ገንዘብ አምጣ ነው የሚለው፤ ኪራይ፣ ማዕድን፣ እንጨት፣ ካስፈለገም ሽያጭ። ኮሎራዶ ወደ 2.8 ሚሊዮን ኤከር እንዲህ ያለ መሬት አላት፤ አብዛኛው ለማንም መንገደኛ ክፍት አይደለም። ዕቃዋን ሰብስባ ሃያ ደቂቃ ነዳችና የፌዴራል ደን ገባች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው ሲወጡ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጥያቄዬን የለወጠችው እሷ ናት። ዋሽንግተን ወይስ ስቴት የሚለውን ትቼ፣ ያዢው በሕግ ምን አድርግ ተብሎ ታዟል የሚለውን ማሰብ ጀመርኩ። ፌዴራሉ ለብዙ አገልግሎት ያዘው ተብሏል፤ ላሙም፣ አዳኙም፣ ዘይቱም፣ ቡናውም። ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች በአደራ የያዘውን ግን ነግድበት ነው የተባለው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም።

ከ9 እስከ 12 ስለ ጀበና ነው። አንዱ በእሳት ክልከላ ወቅት የጋዝ ምድጃ ይፈቀዳል አለ፣ ሌላዋ እንደየቦታው ነው አለች። አንዱ ደግሞ በጋዝ የተፈላ ቡና ቡና አይደለም ብሎ ነገር አስነሳ። ዘለልኩት።

13ኛው አንድ ሲያትል የሚኖሩ አባት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የመንዝ ሰው ናቸው። ስለ ጓሳ ጻፉ። ጓሳ የወል መሬት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። ሕዝቡ ራሱ ጠባቂ መርጦ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋው ነበር፤ በዝግ ጊዜ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ያን ቀን ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ጨለማ ሳይገፍ እንደወጡ፣ ማጭዱ ሲንሿሿ ከሩቅ ዝናብ ይመስል እንደነበር ጽፈዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የጥንቱ ሥርዓት ተናጋ። ማንም እንደፈለገ ገባ። በኋላ ኅብረተሰቡ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለበት። ጋሼ ያሉት፣ መሬት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ ሲሻገር መሀል ላይ ያለችውን ሰዓት ፍሩ ነው። ማንም እንደልቡ የሚገባው በዚያች ሰዓት ነው። ይህን መልስ ሦስቴ አነበብኩት።

14ኛው ወዲያው ፖለቲካ አደረገው። በኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አሜሪካም ያው ናት፣ ሁሉም መንግሥት መሬት ይወዳል አለ። 15ኛዋ አረመችው። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ክልሎች የሚያስተዳድሩት የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው ነው። እዚህ ግን ስቴቱ ከተረከበ ባለቤት ይሆናል፣ ባለቤት ደግሞ ይሸጣል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም አለች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። 16 እና 17ን አወያዩ አጥፍቷቸዋል። ምን እንደነበሩ መገመት አያቅታችሁም።

18ኛው ሁላችንንም ዝም ያሰኘ ነው። ፌዴራል ስቴት እያላችሁ የምትጓተቱበት መሬት መጀመሪያ የሰው ነበር አለ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዌስተርን ሾሾኒዎች በ1863 ከአሜሪካ ጋር በሩቢ ቫሊ ተዋውለዋል፤ ውሉ የሰላም ነው እንጂ መሬት ያስረከቡበት አይደለም። ዛሬም ኔቫዳ ውስጥ መሬቱ የኛ ነው ይላሉ። አንድ ሰው ብቻ ልክ ነህ ብሎ መለሰለት፣ ሌላው ወደ ክርክሩ ተመለሰ። ይህም ራሱ አንድ መልስ ይመስለኛል።

19ኛው ስለ ፕሬዚዳንት ሁቨር አነሳ። በ1929 ገደማ ሁቨር የግጦሽ መሬቱን ገጽ ለስቴቶቹ ልስጥ ብሎ ነበር፤ ከሥር ያለውን ማዕድን ግን ዋሽንግተን ታስቀራለች። ስቴቶቹ እንቢ አሉ። የዩታው ገዥ ጆርጅ ደርን ራሱ፣ ያለንንም በረሃ መሸጥ ማከራየት አቅቶናል፣ ሌላ በረሃ ምን ያደርግልናል የሚል መልስ ሰጠ። 6ኛው እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። ቅርፊቱን እንካ፣ ፍሬውን እኔ ጋ ተው ማለት ስጦታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ መታው።

20 ማስታወቂያ ነው። 21ኛው ከዋዮሚንግ ሁለት ታሪክ አመጣ። አንዱ ግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለነበረ 640 ኤከር የስቴት መሬት ነው፤ ያው መምህሯ የነገረችን የትምህርት ቤት ቁራሽ። ስቴቱ በጨረታ ሊሸጠው አስቦ ነበር። ሰው ሁሉ በቪላ ሊሞላ ነው ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ በ2024 መገባደጃ ፓርኩ ራሱ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዋሽንግተን በነፃ የሰጠችውን በመቶ ሚሊዮን መልሳ ገዛች ማለት ነው፣ ግማሽ የሚበልጠውን ከራሷ ኪስ፣ የቀረውን ከለጋሾች። ሁለተኛው እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ የግል አንዱ የሕዝብ ስለሆነው መሬት ነው። በ2021 አራት አዳኞች የግለሰቡን አፈር ላለመርገጥ መሰላል ተሸክመው ሄዱ። ማዕዘኑ ላይ አቁመው ከሕዝብ መሬት ወደ ሕዝብ መሬት ተሻገሩ። ተከሰሱ። እስከ 2025 ቆይቶ ይግባኝ ሰሚው ፈረደላቸው። ላም አለኝ በሰማይ ላለባቸው ሰዎች መሰላል መያዝ ደግ ነው!

24ኛው የባንዲን ስም ጠራና ሁሉም ተናደደ። በ2014 ቡንከርቪል፣ ከኛ ከላስ ቬጋስ አንድ ሰዓት ከምናምን ላይ፣ ከብት አርቢው ክላይቭን ባንዲ የግጦሽ ኪራይ ለፌዴራል አልከፍልም ብሎ የታጠቁ ሰዎች ከበው ቆሙለት። ዕዳው ከሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። አንዱ ጀግና ነው አለ። ሌላው እኛ ሽጉጥ ይዘን ብንቆም ኖሮ ስንት ደቂቃ እንኖር ነበር ብሎ መለሰ። ከዚያ ንግግሩ ከረረ፤ አንተ አንቺ ተባባሉ። 26ኛዋ ብቻ ቁጥር ይዛ መጣች። በ2025 የአንድ ላምና ጥጃ የወር ግጦሽ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። እኔ የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ መኪና ለማቆም ከዚያ በላይ እከፍላለሁ። ስቴቶቹ ለራሳቸው መሬት የሚያስከፍሉት በብዙ ቦታ ይበልጣል። መሬቱ ቢዛወር መጀመሪያ የሚያለቅሰው ከብት አርቢው ነው አለች። ማንም አልተከራከራትም።

28ኛው የቅርቡን አስታወሰ። በሰኔ 2025 የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ ለቤት መሥሪያ በሚል ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን የፌዴራል መሬት የሚያሸጥ ሐሳብ ትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ለከተማ ቅርብ ወደሆነው ብቻ አጠበበው። በመጨረሻም ሰኔ 28 አወጣው። ያስወጣው የከተማ ሰው ሰልፍ ብቻ አይደለም። አዳኙ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ፒክአፕ ነጂው፣ ብዙው ሪፐብሊካን የሆነው፣ ስልክ እየደወለ አስጨነቃቸው። በ2017ም እንዲሁ ነበር። የዩታው የኮንግረስ አባል ጄሰን ቻፌትዝ 3.3 ሚሊዮን ኤከር ይሸጥ ብሎ፣ አዳኞች ሲነሱበት በአሥር ቀን ውስጥ ሐሳቡን መልሶ አነሳው። 28ኛው እንደሚለው ይዛወርና ይሸጥ ሁለት ስም ያለው አንድ ነገር ነው። 6ኛው ግን በ30ኛው መልስ ይህን አልተቀበለም፤ ድምፁ ግን ለዝቧል። ሽያጩን እኔም አልፈልግም፣ መንገዴን ግን ክፈቱልኝ አለ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

33ኛው የቤት ደላላ ነው፣ ስልክ ቁጥሩን ለጥፎ ተባረረ። 34ኛዋ ላስ ቬጋስ ውስጥ ጥሩ የጤፍ እንጀራ የት እንዳለ ጠየቀች። አምስት ሰው ወዲያው መለሰላት። ስለ መሬት ጠይቄ በዚህ ፍጥነት ተመልሶልኝ አያውቅም።

36ኛው አጭር ነው። 2ኛው ነው ተመልሶ የጻፈው። ከሰፈርዎ ጀርባ ያለውን ቦታ የካውንቲው ካርታ ላይ አይተውታል ወይ አለኝ። አላየሁም ነበር። የካውንቲው የንብረት ግምት ክፍል ካርታውን ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርጎታል። ማታ ከሥራ ስመለስ ከፈትኩት። አፓርታማዬን አገኘሁ፣ ሁለቱን መታጠፊያ በጣቴ ተከተልኩ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት ደረስኩ፣ ቁራሹን ነካሁት።

የፌዴራል አይደለም። ከዓመታት በፊት ተሸጧል። ባለቤቱ አንድ ኩባንያ ነው፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ምሰሶውን የሚነቅለው ሰው አጥቶ ነው የቀረው። በነጋታው ሄጄ አየሁት፣ ጎኑ ላይ ያለው ተለጣፊ ተልጦ ግማሹ ወድቋል። ፍራሹም እዚያው ነው። የተቆፈረ መሠረት የለም፣ የተተከለ ካስማ የለም።

ይህን 37ኛ አድርጌ ራሴ ጻፍኩ። 38ኛው ያ ታክሲ ነጂ ነው፣ መጀመሪያ የደገፈኝ። ታዲያ አሁን የሰው ግቢ ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ የምትሄደውን እግርህን ልታቆም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም። ዛሬም ሄጄ ነው የመጣሁት።